«ሲመችህ» ማለት መቼ ነው?

እህቴ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆንሽ ገና 3 ወርሽ ነው። ከምትመሪያቸው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት በግል ነግሮሻል። ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ግን ስታናግሪው ዓይንሽን አያይም፣ ስህተትሽን ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ይናገራል፣ «ሲመችህ ሪፖርቱን እይልኝ» ስትዪው ሳምንት ያልፋል። አለቃሽ «የተግባቦት ሥልጠና ይውሰድ» ብለዋል። አባትሽ ደግሞ «ሹመትሽ ሳይጸና ሌላ ክፍል አዛውሪው» ይሉሻል። ማስተርስ ልጀምር ወይ፣ የደመወዝ ጭማሪስ ልጠይቅ ወይ ብለሽም ጠይቀሽኛል።

አባትሽ ለአንቺ አስበው ነው፤ ግን ተሳስተዋል። ሒሳቡን ከሁሉም በላይ የሚያውቀውን ሰው ሸኝተሽ የወሩን መዝገብ በማን ልትዘጊ ነው? ደግሞም ምስጢሩን የነገረው ለአንቺ ነው እንጂ ለአባትሽ አልነበረም። ከእንግዲህ እሱ ሳይፈቅድ ለማንም አትንገሪ።

ሥልጠናው ለእሱ ብቻ ከሆነ ግማሽ መፍትሔ ነው። ራሱም ኦቲዝም ያለበት ምሁር ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት ከሁለቱም ወገን እንደሚመጣ ጽፏል። ታሪክ በቅብብል በተነገረባቸው ጥናቶችም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ የሌሎቹን ያህል በትክክል አስተላልፈዋል።

«ሲመችህ» ስትዪ በልብሽ «ዛሬ» ነበር። እሱ ግን ያልሽውን ቃል ነው የፈጸመው። «ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት እይልኝ፤ የምፈልገው የድምር ስህተት ብቻ ነው» ብለሽ ጻፊለት። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የሥራ መመሪያ እጽፍ ነበር፤ በቃል ሲባል ሁሉም የተስማማበት ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ስንት ክፍተት እንደሚወጣው አይቻለሁ። ስትጠይቂው ደግሞ አንድ ጥያቄ አንሺና ዝም በዪ። መልሱ ሲዘገይ ጥያቄውን በሌላ ቃል ከደገምሽው ሐሳቡን እንደገና ከመጀመሪያው ታስጀምሪዋለሽ።

ዓይን ለዓይን መተያየቱን ተዪው። ለብዙዎቹ ዓይን እያዩ ማዳመጥ ድርብ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ ጠረጴዛውን እያየ በመመለሱ ብቻ አንድ አመልካች ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ መልሶቹ ትክክል ነበሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የስብሰባው ነገር ስላቆሰለሽ ይገባኛል። ቁጥሮቹን በዋዜማው ላኪለትና «ስህተት ካገኘህ ከስብሰባው በፊት ጻፍልኝ» በዪው። በአሽሙር ወይም በዓይን ጥቅሻ አይሆንም፣ በግልጽ ንገሪው። ከሁሉ በፊት ግን ምን እንደሚመቸው እሱን ጠይቂ፤ ሌላ ኦቲዝም ያለበት ሰው የሚፈልገው ፈጽሞ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ማስተርሱ አንድ ዓመት ይቆይ። የደመወዝ ጭማሪውን ግን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ።