ማዕተባችንና ማልያችን፦ ለአንድ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በጎንደር ከተማ በሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል ወጣት ስሆን የፋሲል ከነማ ደጋፊም ነኝ። በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ስንገኝም ሆነ ቡድናችን በሌላ ከተማ ሲጫወት ዲኤስቲቪ በሚታይበት ቤት ስንሰበሰብ፣ ብዙዎቻችን እናማትባለን፤ የመዝሙር ዜማ ወስደን የክለቡን ስም እያስገባን እንዘምራለን፤ የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው የሚመጡም አሉ። ለዓመታት አብሮን የሚደግፍ የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ የሆነ ሙስሊም ጓደኛችን ግን ይህ ሲጀመር ዝም እንደሚል አስተውያለሁ። እኔ ደግሞ በአንድ ከባድ ጨዋታ ላይ ቡድናችን ካሸነፈ ለቅዱስ ሚካኤል ዣንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። አሸንፈናል፤ ልቤ ግን አላረፈም። የማንቸስተር ዩናይትድን ማልያ መልበስም ዓርማው ላይ ባለው የሰይጣን ምስል ምክንያት ኃጢአት ነው ይባላል። ይህ ሁሉ በሃይማኖታችን እንዴት ይታያል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደድህ ወንድማችን፣ ጥያቄህ ብዙ ጉዳይ የያዘ ስለሆነ ቀላሉን በአጭሩ አልፌ ከባዱ ላይ እቆያለሁ። ኳስ መመልከትና የከተማን ቡድን መውደድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎች የሚያውቁትን የሩጫ ውድድር ለትምህርቱ ምሳሌ ባደረገ ጊዜ (1ቆሮ 9፥24) ሯጩንም ተመልካቹንም አልነቀፈም። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን ጎንደር መደሰቷም የሚያሳፍር ነገር አልነበረም።

ማማተብህንም አትተው። ከግንባራችን ወደ ደረታችን ስናማትብ ወልደ እግዚአብሔር ከሰማያት መውረዱን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስናማትብ ደግሞ ከሲኦል ወደ ገነት መሻገራችንን እንመሰክራለን፤ ይህ ምስክርነት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ ታጥሮ የሚቀር አይደለም። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ማዕተቡን በጥርሱ ነክሶ ዓይኑን የሚጨፍን ወጣት አይቻለሁ፤ ጭንቀቱን ወደ አምላኩ ማቅረቡ አይነቀፍበትም። የሚያሳዝነኝ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ሲሄድ፣ ማዕተቡን የያዘው ያው አፍ በመሐል ዳኛው እናት ላይ የሚያወርደው ስድብ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ «ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ፤ ወንድሞቼ ሆይ፥ ይህ እንዲህ ሊሆን አይገባም» ያለው (ያዕ 3፥10) በቀጥታ ይህንን የሚመለከት ነው። ስለዚህ አንድ ደጋፊ በስታዲየም ውስጥ ክርስቲያን መሆኑ የሚታወቀው በማማተቡ ብቻ ሳይሆን ካማተበ በኋላ በሚናገረው ነገር ጭምር ነው።

ወደ ስለትህ ስመጣ፣ ልብህ ያላረፈው በከንቱ አይመስለኝም። ስለት በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀና የተወደደ ነው። ሐና ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ እያለቀሰች ተስላለች፤ ሳሙኤልን ባገኘች ጊዜም ስለቷን ፈጽማለች። ነገር ግን ሐና የለመነችው ልጅ እንዲሰጣት እንጂ ጣውንቷ ፍናና ልጆቿን እንድታጣ አልነበረም። የጨዋታ ድል ደግሞ ያለ ሌላው ሽንፈት አይገኝም። ከባሕር ዳር ከተማ ጋር በምንጫወትበት ሰዓት በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚሳለመው ወጣት እንደ አንተው ማዕተብ አስሮ፣ እንደ አንተው እያማተበ ተቀምጧል፤ እርሱም የአንዱ ጥምቀት ልጅ ነው። እግዚአብሔር ከሁለታችሁ ማንን እንዲያሳዝን ነው ስለት የምትሳሉት?

ኢያሱ ወልደ ነዌ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፉን መዝዞ የቆመ ሰው ባየ ጊዜ ከእኛ ወገን ነህን ወይስ ከጠላቶቻችን ብሎ ጠይቆት ነበር (ኢያ 5፥13)። የተገለጠለትም ቅዱስ ሚካኤል እንደ ሆነ አባቶቻችን ያስተምራሉ። መልአኩ ግን የእናንተ ነኝ ወይም የእነርሱ ነኝ አላለም፤ የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ሆኜ መጥቻለሁ አለው እንጂ። ኢያሱም ጥያቄውን ትቶ በግንባሩ ተደፋ፤ ጌታዬ ለባሪያው የሚነግረው ምንድር ነው አለ። አንተ ዣንጥላ የተሳልህለት መልአክ ይኸው ነው። ኢያሱ የእስራኤል ጦር መሪ ሆኖ ከተማ ሊይዝ በሄደበት ጊዜ እንኳ የማን ወገን ነህ ተብሎ ሲጠየቅ ወገን ያልመረጠውን መልአክ፣ በሁለት የወንድማማቾች ቡድን መካከል የእኛ ደጋፊ እናድርገው ማለት ክብሩን አለማወቅ ነው። ስለ ጨዋታ መጸለይ ከፈለግህ ማንም እንዳይጎዳ፣ ደጋፊዎች በሰላም ወደየቤታቸው እንዲመለሱ፣ ተጫዋቾቹ የለፉበትን ማሳየት እንዲችሉ ጸልይ። ይህን ጸሎት የባሕር ዳሩም ወጣት አብሮህ አሜን ሊልበት ይችላል። በዚህ አጋጣሚ ሳልናገር የማላልፈው፣ የውርርድ ትኬት በኪስ ይዞ ለድል መሳል ከዚህም የከፋ መሆኑን ነው፤ ቅዱሳኑን የቁማር አጋዥ ማድረግ ነውና።

የመዝሙሩ ነገር በጎንደር ሲሆን የበለጠ ያሳዝናል። በአታ ለማርያም የአቋቋም (የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት) ማስመስከሪያ በሆነችበት፣ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ እያየን ባደግንበት ከተማ፣ የመዝሙርን ዜማ ከክለብ ስም ጋር ማጋባት ካለማወቅ ነው ለማለት ያስቸግራል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ጠፍር ጌታችን የተገረፈውን ግርፋት ሰንበር እንደሚያመለክት በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረሃል፤ ያንን ከበሮ ከማኅሌት አውጥቶ ለጭፈራ መውሰድ አይገባም። ክለቡ የራሱ ከበሮ ይኑረው፣ የራሱንም ዜማ ያውጣ፤ ለዚህ የሚሆን የባህል ዘፈን በጎንደር አይጠፋም። ሥዕለ አድኅኖም (ቅዱስ ሥዕል) በቤተ ክርስቲያን በመጋረጃ ተከልሎ፣ ዕጣን እየታጠነለት የሚኖር ነው፤ የድራፍት ብርጭቆ በሚነሳበት ወይም የውኃ ፕላስቲክ በሚወረወርበት መካከል ይዞ ማውለብለብ ለእመቤታችን ክብር አይሆንም። ሥዕሏ በኪስ ቦርሳህ፣ ስሟ በልብህ ይሁን።

ሌላም አለ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ጋር ስንጫወት በስሜት የሚወጡ ቃላት ብዙ ናቸው። ይህ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ የሰማዕቱን ስም ተሸክሟል። ተቃራኒ ቡድን ነው ብሎ «ጊዮርጊስ» እያሉ ከስሙ ጋር ስድብ ማያያዝ፣ ተሳዳቢው ክለቡን እንጂ ሰማዕቱን አላሰብኩም ቢልም፣ ለሚሰማው ሕፃን ጆሮ ልዩነት የለውም። «ፈረሰኞቹ» የሚል የታወቀ መጠሪያ ስላላቸው በዚያ ጥሩአቸው፤ ስድቡን ግን በየትኛውም ስም ተዉት።

አሁን ከሁሉ በላይ የማስብበት ወደ ሆነው፣ ወደ ጓደኛህ ዝምታ ልምጣ። ፋሲል ከነማ የጎንደር ከተማ ክለብ እንጂ የአንድ ደብር ማኅበር አይደለም። ሙስሊም ተጫዋች ጎል አግብቶ ግንባሩን ሣሩ ላይ ሲያሳርፍ እኛም ተነሥተን እናጨበጭባለን፤ ጓደኛህም ጎል ሲገባ ከአንተ ጋር ተቃቅፎ ይዘላል። ለራሱ ዱዓ ሲያደርግ አንተ እንደማትከፋ ሁሉ፣ አንተ ለራስህ ስታማትብ እርሱ አይከፋም። ዝም የሚለው ዝማሬው የክለቡ ድምፅ ሆኖ በእርሱም አፍ ላይ ሲጫን ነው። የማያምንበትን ከሚዘምርና ከወንድሞቹ ከሚለይ አንዱን እንዲመርጥ ታስገድዱታላችሁ፤ እርሱም ዝምታን መርጧል። በዚህ ሃይማኖታችን ምን ከበረ? ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን በየዋህነትና በፍርሃት እንድንመልስ አዘዘን (1ጴጥ 3፥15) እንጂ ባልጠየቀን ሰው ላይ በጩኸት እንድንጭን አላዘዘንም።

ነገሩ ከዚህም አልፎ ወዴት እንደሚሄድ ታሪክ ያሳየናል። በስኮትላንድ ግላስጎው ሴልቲክ የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው ዋልፍሪድ በተባለ የካቶሊክ መነኩሴ አማካይነት ሲሆን፣ ዓላማውም የተራቡ የስደተኛ አይሪሾችን ልጆች መመገቢያ ገንዘብ ማግኘት ነበር፤ ምጽዋት ነበር ማለት ነው። እየዋለ እያደረ ግን ሴልቲክ የካቶሊኮች፣ ሬንጀርስ የፕሮቴስታንቶች መለያ ሆኑ፤ ሬንጀርስም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ የታወቀ ካቶሊክ ተጫዋች ሲያስፈርም የክለቡን ስካርፍ ያቃጠሉ ደጋፊዎች ነበሩ። ለድሆች እንጀራ የተጀመረው ነገር የጥላቻ መዝሙር የሚዘመርበት ሆነ። በቍስጥንጥንያም (በዛሬዋ ኢስታንቡል) ቢሆን የሠረገላ እሽቅድምድም ደጋፊዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ተብለው ተከፋፍለው፣ የሃይማኖት ክርክራቸውን ሳይቀር ወደ መሮጫው ሜዳ ያመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ532 በተነሣው ሁከት ከ30,000 በላይ ሰው እንዳለቀ በዘመኑ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ጽፏል፤ የዚያን ጊዜዋ ሐጊያ ሶፍያ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው እሳት ነደደች። ያቃጠሏት የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ።

በዚያችው ከተማ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከዚያ ሁከት ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሕዝቡን በዚህ ገሥጿል። ዝናብ ሰብላቸውን ሊያጠፋ ሲል ሕዝቡ በምሕላ ወደ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ነበር፤ ጥቂት ሳይቆይ ግን ጌታ በተሰቀለበት በዓርብ ዕለት ወደ ሠረገላው ውድድር ሮጠ። ይህ የእኛም ፈተና ነው። የቅዳሜ ምሽት የአውሮፓ ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት አቆይቶህ የእሑድ ቅዳሴ ካለፈህ፣ ዓርብም በስፖርት ቤቱ ክትፎ ፊት ጾምህ ከተፈታ፣ ያኔ ኳሱ ጌታህ ሆኗል።

የማንቸስተር ማልያ ጥያቄ ቀላል ነው። «ቀያይ ሰይጣኖች» የሚለው መጠሪያ በአሰልጣኝ ማት በዝቢ ዘመን ከሳልፎርድ የራግቢ ቡድን የተወሰደ ቅጽል ነው፤ የለበሰው ሰው ሰይጣንን አመለከ አይባልም። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ደካማው ወንድም ሲል መብልን እንኳ እንደሚተው ተናግሯልና (1ቆሮ 8፥13)፣ አንተም አገልጋይ ስለሆንህ ብትተወው እመርጣለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለብሶ መምጣት፣ ታቦት በሚወጣበትም ቀን ምንጣፍ ለማንጠፍ በእርሱ መቆም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ የፋሲልንም ማልያ ይጨምራል።

ስለ ተሳልኸው ዣንጥላ፦ ጥያቄው ስሕተት ቢሆንም ስጦታው ለቤተ እግዚአብሔር የሚጠቅም መልካም ነገር ነው፤ መጽሐፍም የተሳልኸውን ለመክፈል አትዘግይ ይላል (መክ 5፥4)። አስቀድመህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ እርሳቸው ከፈቀዱልህ አስገባ። ዣንጥላው የክለቡ ቀለምም ዓርማም አይኑርበት፤ ስታስገባም ስለ ቡድኑ ድል ነው ብለህ አታሳውጅ፣ ስለ ኃጢአትህ ስርየትና ስለ ከተማዋ ሰላም አድርገው። ከእንግዲህ ግን ለጨዋታ ውጤት አትሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።