ጋይማን፦ ዌልሾች ፓታጎኒያ ውስጥ የቆረቆሯት የገበሬ መንደር (ጥያቄና መልስ)

ስለ ፓታጎኒያ ዌልሾች ባለፈው ነካ አድርጌ ባልፍ ጥያቄው ዘነበብኝ። ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዌልሾች በብሪታንያ ምዕራብ የምትገኘው የዌልስ ሰዎች ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ የተለየ ዌልሽ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የምናወራው ስለ ጋይማን ነው፤ ፓታጎኒያ በሚባለው የአርጀንቲና ደቡብ፣ በቹቡት ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ስላለች ትንሽ ከተማ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዌልስ የት፣ አርጀንቲና የት! ምን ወሰዳቸው?

ኪራይና ቋንቋ። በ19ኛው መቶ ዓመት የዌልስ ገበሬ የሰው መሬት ነበር የሚያርሰው። ባለመሬቱ ኪራይ ሲጨምር ወይ መክፈል ነው፣ ወይ መልቀቅ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በዌልሽ ሲያወራ የተገኘ ልጅ ለቅጣት አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር።

ብዙዎች ወደ አሜሪካ ሄዱ። ማይክል ዲ. ጆንስ የተባለ ሰባኪ ኦሃዮ ኖሮ ያየው ነገር አስደነገጠው፤ የስደተኞቹ ልጆች በአንድ ትውልድ ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነው ቁጭ! ስለዚህ እንግሊዝኛ የማይደርስበት አገር ይፈለግ አለ። አርጀንቲና በበኩሏ ቺሊ ሳትቀድማት ፓታጎኒያ ላይ ሰው ማስፈር ትፈልግ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጊዬርሞ ራውሰን እሺ አሉ። አንዱ ወገን የራሱን ትንሽ አገር አሰበ፣ ሌላው ድንበሩን። ጠቡ ያን ቀን ነው የተጸነሰው።

ጥያቄ፦ «ለምለም አገር ነው» ተብለው ተታለው ነው የሄዱት የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሉዊስ ጆንስና ሎቭ ጆንስ ፓሪ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ቀድመው አይተውት መጡ። ያመጡት ወሬ ከመሬቱ በጣም ያማረ ነበር። በኔ ግምት ሉዊስ ጆንስ ዓይኑን ጨፍኖ አልዋሸም፤ ማየት የፈለገውን አየ እንጂ።

ሚሞዛ የተባለችው መርከብ ከ150 የሚበልጡ ሰዎችን ይዛ በ1865 ግንቦት መጨረሻ ከሊቨርፑል ተነሳች። ሐምሌ 28 ዛሬ ፑርቶ ማድሪን የሚባለው ቦታ አደረሰቻቸው። እዚያ ሐምሌ የክረምት ብርድ ነው። የሚጠጣ ውኃ የለም። ወንዙ ጋ ለመድረስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ደረቅ ምድር ማቋረጥ ነበረባቸው። ደግሞ ብዙዎቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሞፈር የጨበጠው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን በልተው ከረሙ?

መንግሥት በላከላቸው ስንቅ፣ በኋላም በቴዌልቼዎች። ቴዌልቼዎች የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው፤ እየተዘዋወሩ በአደን የሚኖሩ። መጤዎቹን ፈረስ አያያዝና ጓናኮ ማደን አስተማሯቸው። ጓናኮ የግመል ዘመድ ነው፣ ሻኛ ግን የለውም። ከዚያ ንግዱ መጣ፤ ዌልሾቹ ዳቦና ቅቤ ይሰጣሉ፣ ቴዌልቼዎቹ ቆዳና የሰጎን መሰሉን ወፍ ላባ ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ መንደሩ በጸሎትና በመዝሙር ነው የቆመው ይባላል። አንተ ምን ትላለህ?

መዝሙሩን አልነካም፣ ግሩም ነው። መንደሩን ያቆመው ግን ቦይ ነው።

ሸለቆው በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ አያገኝም። የመጀመሪያዎቹ አዝመራዎች ከሸፉ። በ1867 ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ባሕሩ ወርዶ ነበር፤ «አንድ ዓመት ብቻ እንሞክር» ተብሎ በልመና ተመለሰ።

ከዚያ የአሮንና የሬቸል ጄንኪንስ ነገር መጣ። አሮን የዘራው ሌላው የናቀው፣ ሣር እንኳ የማይበቅልበት ራቁት መሬት ላይ ነው። ስንዴው በቀለና ይጠወልግ ጀመር። ወንዙ ደግሞ ሞልቶ ከእርሻው ከፍ ብሎ ይፈስ ነበር። ባለቤቱ ሬቸል «ዳሩን ቀደህ ውኃውን ለምን አትለቅበትም?» አለችው ይባላል። አካፋውን አንስቶ ቀደደ። ውኃው ገባ። ስንዴው አፈራ። ጎረቤት ሁሉ አካፋውን አንስቶ ተከተለ።

በእርግጥ ያ ቀላሉ ነበር። ወንዙ ሲጎድል እንዲህ ያለው ቦይ ባዶውን ይቀራል። መፍትሔው ውኃውን ከላይ ከሩቅ ጠልፎ፣ በጣም ትንሽ ተዳፋት እየሰጡ፣ ከወንዙ ጎን ለጎን ማምጣት ነው። ይሄ የአንድ ገበሬ ሥራ አይደለም። በደቦ ቆፈሩት፣ የቦይ ማኅበር አቋቋሙ፣ ተራ እየጠበቁ አጠጡ። ቦዮቹ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ደረሱ። ለኔ የዚህ ታሪክ ጀግኖች እነሱ ናቸው፤ አካፋ የያዙት።

ጥያቄ፦ ጋይማንስ መቼ መጣች?

በ1874። የመጀመሪያው ሰፈራ በሚኒስትሩ ስም የተጠራው ራውሰን ነበር፣ ወንዙ አፍ አጠገብ። አዲስ ሰው ከዌልስና ከአሜሪካ ሲጨመር ወደ ላይ ወጡ። የድንጋይ ቤት ሠሩ፣ በ1880 ጸሎት ቤት አቆሙ። በ1885 ገበሬዎቹ የራሳቸውን የንግድ ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ስንዴያቸውን በጋራ የሚሸጥ፣ ዕቃ የሚያስመጣ። ስንዴው በ1889 ፓሪስ፣ በ1893 ደግሞ ቺካጎ ላይ ተሸለመ። ከሃያ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ያ ራቁት መሬት!

ጥያቄ፦ ነባሩ ሕዝብስ? ሁሌ «በሰላም ኖሩ» ትሉናላችሁ።

ልክ ነሽ እህቴ፣ ነገሩ እንደዚያ አልጋ በአልጋ አይደለም። በዌልሾቹና በቴዌልቼዎች መካከል የነበረው ጉርብትና ከሌላው የአሜሪካ ክፍል ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ ጥሩ ነበር። ግን በ1870ዎቹ መጨረሻ የአርጀንቲና ጦር በነባሩ ሕዝብ ላይ ዘመተ፤ ሰው ተገደለ፣ ተማረከ፣ ከመሬቱ ተነቀለ። ዌልሾቹ ለጎረቤቶቻቸው ምሕረት ጠይቀው ለጦሩ አዛዥ ጽፈዋል። ዘመቻው አልቆመም።

በዚያው ግርግር በ1884 ወርቅ ፍለጋ ከወጡ አራት ዌልሾች ሦስቱ ተገደሉ። አራተኛው ጆን ዳንኤል ኢቫንስ ማላካራ የተባለ ፈረሱ ገደል ዘሎለት ተረፈ። የፈረሱ መቃብር ዛሬ ትረቬሊን ከተማ ውስጥ ይጎበኛል። ደብዳቤ መጻፋቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ያረሱት መሬት የማን እንደነበር መርሳት የለብንም።

ጥያቄ፦ ከተሳካላቸው ለምን ብዙዎቹ ወደ ካናዳ ሄዱ?

ያው ወንዝ። በ1899 ሞልቶ ሸለቆውን ጠራረገው፤ ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ ቦይ ሳይቀር። እሱ ሳይበቃ መንግሥት ወጣቶቹን እሑድ እሑድ ወታደራዊ ልምምድ ውጡ ይላቸው ነበር። እሑድን አጥብቆ ለሚያከብር ሰው ይሄ ትልቅ ስድብ ነው። በ1902 ከ200 በላይ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ካናዳ ገቡ። ወንዙ በግድብ የተገራው በ1963 ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬም ዌልሽ ይናገራሉ?

የሚናገሩ አሉ፤ በስፓኒሽ ተከበው። ትምህርት ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ጋብቻው ሁሉ ወደ ስፓኒሽ ጎተተ። «እንግሊዝኛ አይደርስብንም» ብለው ሄደው ስፓኒሽ ደረሰባቸው! ከ1997 ጀምሮ ግን ከዌልስ መምህራን እየተላኩ ያስተምራሉ። አይስቴድቮድ የሚባለው የግጥምና የመዝሙር ውድድርም በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የጋይማኑ የወጣቶች ነው፣ መስከረም ላይ።

ጥያቄ፦ ልሄድ አስቤያለሁ። ሻይ ቤቶቹ ያን ያህል ይወራላቸዋል?

ሻዩ ሻይ ነው። ልዕልት ዳያና በ1995 አንዱ ቤት ገብታ ጠጥታለች፣ እስካሁን ያወሩታል። አንተ ጥቁሩን ኬክ ቅመስ፤ ዘቢብና ለውዝ የታጨቀበት፣ ጠጠር ያለ፣ ቶሎ የማይበላሽ። ሙሽሮች ከሠርጋቸው ኬክ ቁራጭ አስቀምጠው በዓመቱ ይበሉታል። ከዚያ በድሮው የባቡር ዋሻ ውስጥ አልፈህ ወደ ጸሎት ቤቶቹ ሂድ፤ የ1880ው ትንሹና የ1913ቱ ትልቁ ጎን ለጎን ናቸው። ጊዜ ከተረፈህ ደግሞ እርሻዎቹ መሐል ገብተህ ቦዮቹን እይ።