ቅጹ የሚጠይቀው ጾታን ነው ወይስ ሥርዓተ ጾታን?

ጥያቄ፦ ከአዘዞ የጻፉልን መምህርት «ለሥልጠና በሞላሁት ቅጽ ላይ ‹ሥርዓተ ፆታ፦ ወንድ/ሴት› የሚል ሣጥን አገኘሁ። ‹ፆታ› እና ‹ሥርዓተ ፆታ› አንድ ናቸው? አጻጻፉስ በጸሎቱ ‹ጸ› ነው ወይስ በፀሐዩ ‹ፀ›?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ቅጹ ተሳስቷል። ሣጥኑ የሚፈልገው ጾታን፣ ማለትም ሰው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወጣውን የአካል ተፈጥሮ ነው። ሥርዓተ ጾታ ግን ኅብረተሰቡ ያንን አካል አይቶ የሚደለድለው ሥራ፣ ጠባይ፣ ቦታና ክብር ስለሆነ በአንድ ምልክት የሚሞላ ነገር አይደለም። ልዩነቱን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ በልጅነቴ፣ እዚሁ ጎንደር፣ ምጥ ከተያዘበት ቤት ደጃፍ ቆመን የምናዳምጠው እልልታ ነው። በሰፈራችን ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባል ስለነበር ደጅ ያለው ሁሉ ሕፃኑን ሳያይ፣ እየቆጠረ ያውቅ ነበር። አዋላጇ ያየችው ጾታን ነው፤ የጎደሉት አራት እልልታዎች ሥርዓተ ጾታ ናቸው።

«ጾታ» በግእዝ ወገን፣ ክፍል፣ ማዕርግ ማለት ነው። ዛሬም በቤተ ክርስቲያን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ሲባል ካህናት፣ ወንዶችና ሴቶች ማለት ነው፤ ካህናት ራሳቸውን ችለው አንድ ጾታ ሆነው መቆጠራቸው ቃሉ በመሠረቱ የምድብ ስም እንደነበረ ያሳያል። ወደ አማርኛ የገባውም በመጽሐፍ በኩል ይመስለኛል፤ ጾምን «ጦም»፣ ጸሎትን «ጠሎት»፣ ፀሐይን «ጠሐይ» የሚለው የአገሬ ገበሬ ጾታን «ጦታ» ሲል አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ይዘው «ጾታ ራሱ ምድብ ማለት ከሆነ ‹ሥርዓተ ጾታ› ድግግሞሽ ነው፤ ‹ጀንደር› ብንል ይሻላል» የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። እንግሊዝኛው ራሱ መነሻው «ጌኑስ» የተሰኘው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም እንደ ጾታ ሁሉ ወገን፣ ዓይነት ነው። ከሁሉ በላይ በሰዋስው ሲያገለግል ኖሮ፣ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጆን መኒ በ1955 እ.ኤ.አ. ስለ ወንድነትና ሴትነት ሚና ሲጽፍ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው በዛሬው ትርጉሙ የተስፋፋው። የእኛው «ሥርዓት» ደግሞ የወጣው ደነገገ፣ ደለደለ፣ ደንብ አቆመ ከሚለው «ሠርዐ» ነው፤ የአማርኛው «ሠራ»ም የዚያው ልጅ ነው። ስለዚህ ሥርዓት ሠሪ አለው፤ ሠሪ ያለው ነገር ደግሞ ይለወጣል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር መንግሥት ሲመሩ ጾታቸው ያው ነበር፤ የሰፋው ለሴት ተለክቶ የተሰጠው ቦታ ነው። ይህን ሁሉ በውስጡ የያዘ ቃል እያለን ባዕዱን መዋስ ያሳዝነኛል። በየስብሰባው የሚሰማው ግን «ጀንደር» መሆኑን፣ የገዛ ተማሪዎቼም እንደዚያው እንደሚሉ መካድ አልችልም።

ሦስተኛ፣ የሰዋስው ጾታም አለና ከሁለቱ ጋር አይደባለቅብዎ። በጎንደር ወዳጅ ወዳጁን አቁላልጦ ሲጠራ ወንዱን «አንቺ፣ የት ጠፍተሽ ከረምሽ?» ይለዋል፤ የተጠራውም ሰው አካሉም ሆነ በማኅበር ያለው ቦታ አይነካበትም፣ የተለወጠው ተውላጠ ስሙና የግሱ መድረሻ ብቻ ነው። ይህን አነጋገር እንደ ስሕተት የሚያርሙ መምህራን ባይነኩት እወዳለሁ፤ ለእኔ ከአማርኛ ውበቶች አንዱ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ሁለቱ ፊደላት በጥንተ ድምፃቸው የተለያዩ ነበሩና የግእዙ ሥር መጠበቅ አለበት ባይ ስለሆንሁ በጸሎቱ «ጸ» እጽፋለሁ። በጋዜጣና በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚበዛው «ፆታ» ነው፤ ድምፁ ዛሬ አንድ በመሆኑም አንባቢ አይሳሳትበትም፤ ሳልወድ በግድ ትክክል ነው እላለሁ። ቅጹን ላዘጋጁት ሰዎች ሲነግሯቸው ስለ ፊደሉ ባይከራከሩም «ሥርዓተ» የሚለውን ቃል ከሣጥኑ ያስወጡልኝ።