ልቤ በተረጋጋበት ጊዜ ብመረመር ምን ሊገኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልቤ ሳይታሰብ ድው ድው ማለት ይጀምራል። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ይቆይና በአንዴ ቀጥ ይላል። ሐኪም ቤት ስደርስ ግን የለም። ሁለት ጊዜ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነስቼ «ደህና ነሽ፣ ጭንቀት ነው» ተብያለሁ። አሁን ወር አልፎኛል፣ ምንም አልተሰማኝም። በዚህ ጊዜ መመርመር ገንዘብ መጨረስ ነው? ወይስ እስኪነሳብኝ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ፣ አሁን ይመርመሩ። ኢሲጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው የ10 ሰከንድ ያህል የልብ ምት ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር በዚያች 10 ሰከንድ ውስጥ ባይያዝ አይገርምም። ሁለቱ ወረቀቶች የሚመሰክሩት በዚያች ሰዓት ምትዎ ደህና እንደነበር እንጂ ሕመም እንደሌለብዎት አይደለም።

ስለ ጭንቀቱም አንድ ነገር ልበል። የጭንቀት ምት ቀስ በቀስ ይፈጥናል፣ ቀስ በቀስም ይበርዳል። በድንገት ተነስቶ በድንገት የሚቆም ምት ግን የልብን የኤሌክትሪክ መስመር ያስጠረጥራል። በተለይ ሴቶች ይህን ሲናገሩ ቶሎ «ጭንቀት ነው» ተብለው መሸኘታቸው ያሳዝነኛል። አነሳሱንና አቋቋሙን ልክ ለእኛ እንደጻፉት አድርገው ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ ግማሹ ምርመራ እሱ ነው።

ልብዎ ተረጋግቶ እያለም የሚገኝ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል የሚያልፍ ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር ይዞ ይወለዳል። ይህ ምቱ ደህና በሆነበት ቀንም ኢሲጂው ላይ ሊታይ ይችላል፤ ረጋ ብሎ ያላየው ሰው ግን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን የድሮ ወረቀቶች ይዘው ወደ ልብ ሐኪም ይሂዱና እንደገና ይነበቡልዎ። የልብ አልትራሳውንድም (ኤኮ) ያስፈልግዎታል። በአገራችን በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ወጣት ሴቶችን ስለሚያጠቃ፣ የልብ በሮችዎን ሳያዩ ማለፍ ተገቢ አይደለም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን እና የፖታሲየም ምርመራ ደግሞ በአንድ ቀን የደም ናሙና የሚያልቅ ነው።

ከዚያ ሆልተር የሚባለው፣ ደረት ላይ ተለጥፎ 24 ወይም 48 ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ አለ። በየቀኑ ለሚነሳበት ሰው ጥሩ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ግን ምናልባት በነዚያ ሁለት ቀናት አይነሳ ይሆናልና ውጤቱ «ደህና» ቢልም ነገሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። እስከ ሁለት ሳምንት የሚለጠፉ፣ ከቆዳ ሥር ገብተውም ለዓመታት የሚመዘግቡ አሉ፤ በየሆስፒታሉ የሚገኙ ግን አይደሉም።

ስለዚህ ሲነሳብዎ ለመያዝ ከወዲሁ ይዘጋጁ። ከቤትዎና ከሥራ ቦታዎ አቅራቢያ ኢሲጂ ያለውን ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ አስቀድመው ይወቁ፤ ትልቁ ሆስፒታል እስኪደርሱ ምቱ ያመልጥዎታል። ሲነሳ ይቀመጡ፣ ሰዓቱን ይያዙ፣ የእጅ አንጓዎ ላይ ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙ። ምቱ እኩል መሆኑን ወይም መዘበራረቁንም ልብ ይበሉ፤ የተዘበራረቀ ከሆነ ስትሮክ ሊያመጣ የሚችል ሌላ ዓይነት ሕመም ሊሆን ይችላል። ከዚያ መኪና ሳይነዱ፣ ሰው አስከትለው ይሂዱ። ካርድ እስኪወጣ ወረፋ አይጠብቁ፤ «አሁን እየመታብኝ ነው፣ መጀመሪያ ኢሲጂ አንሱኝ» ይበሉ። ወረቀቱን እዚያው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ሙቀት የሚያትመው ወረቀት እየቆየ ይደበዝዛልና።

ከምቱ ጋር ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከዘመድ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ደግሞ ሐኪምዎ ሳይጠይቅዎትም ይንገሩት። ጫት፣ ቡና ማብዛት፣ የአፍንጫ መክፈቻ የጉንፋን መድኃኒትና የአስም መድኃኒት ልብን ስለሚያፈጥኑ የሚወስዱትን ሁሉ አይደብቁ።

የልብ ምትን የሚያዘገዩትን መድኃኒቶች፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል፣ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ካለ ጎረቤት ተቀብለው አይጀምሩ፤ በተለይ አስም ካለብዎ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል።