ባክቴሪያው ሐሞቴን ይለካል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መዳፌንና ውስጥ እግሬን ሲያሳክከኝ ያድራል። በደሜ ያለው የሐሞት አሲድ መጀመሪያ በባዶ ሆዴ ሲለካ 14 ነበር፤ ኡርሶዲኦል የሚባል መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ 31 ሆነ። የሁለተኛው ቀን ቁርሴን በልቼ ነበር። መድኃኒቱ እየጎዳኝ ይሆን? የላቦራቶሪዋ ልጅም «የምንለካው ከባክቴሪያ በተገኘ ኢንዛይም ነው» ስትለኝ ይባስ ደነገጥኩ። (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ እህቴ፣ ባክቴሪያው አያስፈራዎት፤ ሥራው ሁሉ እዚያው የላቦራቶሪው ቱቦ ውስጥ ያልቃል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ፖል ታላላይ የተባሉ ተመራማሪ ያጠኑት፣ ቴስቶስተሮን የተባለውን ሆርሞን መብላት የሚችል ባክቴሪያ ነው። ስሙም ከዚያው ወጣለት፤ ዛሬ ኮማሞናስ ቴስቶስተሮኒ ይባላል። የሐሞት አሲድና ሆርሞኑ ሁለቱም ከኮሌስትሮል የሚሠሩ ዘመዳሞች ስለሆኑ የባክቴሪያው ኢንዛይም ለእኛም ሥራ ዋለ። ከሐሞት አሲዱ ላይ ሃይድሮጅን ነጥቆ ኤን ኤ ዲ ለሚባል ሞለኪውል ያቀብላል። ሃይድሮጅን የተሸከመው ኤን ኤ ዲ ደግሞ 340 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣል። በጥንታዊው ዘዴ የምንለካው ያንን የተዋጠ ብርሃን ነው።

ተማሪ ሳለሁ በዚህ ዘዴ የራሴን ደም ለክቼ ከጤነኛው አራት እጥፍ አገኘሁ። ሁለት ቀን ጉበቴን ስዳብስ ሰነበትኩ፤ ጥብስም ተውኩ። ለካ ኢንዛይሙ የማይጨመርበትን ማነጻጸሪያ ቱቦ ረስቼ ኖሯል! በደም ውስጥ ያለ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ከላክቴት ላይ ሃይድሮጅን እየወሰደ ለዚያው ኤን ኤ ዲ ያቀብል ነበር። ዛሬ ማሽኖቹ ይህን ቀንሰው ይቆጥራሉ።

የእርስዎ ነገር ግን ሌላ ነው። ኢንዛይሙ የዋህ ነው፤ ጉበትዎ የሠራውን ከዋጡት አይለይም። ኡርሶዲኦል ራሱ የሐሞት አሲድ ስለሆነ አብሮ ይቆጠራል። ቁርሱም አለበት፤ በተለይ ቅቤ የገባበት ፍርፍር ከሆነ የሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፣ የደሙም ቁጥር ያሻቅባል። ስለዚህ 31 ብቻውን መድኃኒቱ እንደጎዳዎት አያሳይም፤ የሚያሳክክዎት ሕመም አልጨመረም ብዬም አልምልልዎትም።

መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። መቼ እንደዋጡና ምን እንደበሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በማስ ስፔክትሮሜትሪ አሲዶቹን አንድ በአንድ ለይቶ የሚለካ ላቦራቶሪ ካለም ይጠይቁ። የሐሞት አሲዱ ቁጥር ከ40 በላይ ሲሆን ሐኪሞች ክትትሉን ያጠብቃሉ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብዎት ግን ቁጥር ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።