ለቤት ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ አንቴና ምርጫ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለቴክኒክ አምድ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቅርቡ የጄኔራል ደረጃ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አግኝቼ 100 ዋት የሚያወጣና በውስጡ ቱነር (ሬዲዮውንና አንቴናውን የሚያጣጥም መሣሪያ) ያለው ሬዲዮ ገዝቻለሁ። ከቤቴ በስተጀርባ፣ በግቢው ሰሜንና ደቡብ ዳር፣ በ24 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ዛፎች አሉ፤ ገመድ ልሰቅልባቸው የምችለው ከፍታ 10 ሜትር ያህል ነው። ዓላማዬ ሁለት ነው፦ ማታ ማታ በኦሃዮና በጆርጂያ ካሉ ወዳጆቼ ጋር መነጋገር፣ ከተቻለም አንድ ቀን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን፣ መለያ ጥሪው ኢቲ3ኤኤ የሆነውን የክበብ ጣቢያ ማግኘት። አንድ ሻጭ «ሁሉንም ባንድ ይሠራል» የሚለውን ኤንድ ፌድ (በአንድ ጫፉ ከሬዲዮው ጋር የሚገናኝ) አንቴና አቅርቦልኛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ጂ5አርቪ እንድገዛ ይመክረኛል። የትኛው ይሻለኛል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢ

መልስ፦ ለእርስዎ የምመክረው ሁለቱንም ሳይሆን፣ ከአንድ መካከለኛ ነጥብ የሚነሱ ሁለት ዳይፖሎችን (መካከላቸው ላይ ከሬዲዮው ጋር የሚገናኙ ሽቦዎችን)፣ አንዱን ለ40 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ያህል ለሆነው የድግግሞሽ ክልል)፣ ሌላውን ለ20 ሜትር ባንድ፣ ራስዎ ቆርጠው እንዲሰቅሉ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከአንቴናው ስም ይልቅ በደብዳቤዎ ከሰጡኝ ልኮች፣ ማለትም ከ24 ሜትር ርቀት፣ ከ10 ሜትር ከፍታና ከዛፎቹ አቅጣጫ ልነሳ፤ ውሳኔው በአብዛኛው ያለው እነርሱ ውስጥ ነውና።

የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ርዝመት በሜትር የሚገኘው 143ን በሜጋኸርትዝ ለተገለጸው ድግግሞሽ በማካፈል ነው። ፈቃድዎ በ40 ሜትር ባንድ በድምፅ እንዲነጋገሩ የሚፈቅድልዎ ከ7.175 እስከ 7.300 ሜጋኸርትዝ፣ በ20 ሜትር ባንድ ደግሞ ከ14.225 እስከ 14.350 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ፣ ለ7.2 ሜጋኸርትዝ 19.9 ሜትር፣ ለ14.25 ሜጋኸርትዝ ደግሞ 10 ሜትር ገደማ ሽቦ ያስፈልግዎታል። ረጅሙ ሽቦ በዛፎቹ መካከል ተዘርግቶ በየጫፉ ሁለት ሜትር ያህል ለማሰሪያ ገመድ ይተርፋል። አጭሩ ከሥሩ ይንጠለጠላል፤ የሁለቱ ጫፎች ቢያንስ በግማሽ ሜትር ቢራራቁ አንዱ የሌላውን ልኬት ብዙ አያዛባም።

ከፍታውን በተመለከተ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አሥር ሜትር ለ40 ሜትር ባንድ የሞገዱ ርዝመት ሩብ፣ ለ20 ሜትር ባንድ ግን ግማሽ ነው። በሩብ ሞገድ ከፍታ ላይ ያለ ዳይፖል አብዛኛውን ኃይሉን ወደ ላይ ይልካል፤ ይህ ብዙዎች እንደ ጉድለት ቢቆጥሩትም፣ ሽቅብ የሄደው ሞገድ ከአዮኖስፌር (የሬዲዮ ሞገድን ከሚመልሰው የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል) ተመልሶ በጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ዙሪያ ስለሚያርፍ ለኦሃዮና ለጆርጂያ የሚያስፈልግዎ በትክክል እርሱ ነው። በግማሽ ሞገድ ከፍታ ላይ ያለው ዳይፖል ደግሞ ጨረሩን ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጎ ስለሚልክ ወደ ሩቅ አገር ለመድረስ ይበጃል። ስለዚህ በአንድ ከፍታ የተሰቀሉት ሁለት ሽቦዎች ሁለቱን ዓላማዎችዎን ይከፋፈሏቸዋል።

«ማታ ማታ» ያሉትን ግን ላርመው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር ስለሚሳሳ በተለይ በክረምት በ40 ሜትር ባንድ ቅርብ ያሉ ጣቢያዎች ይጠፉና የሩቆቹ ይሰማሉ። ከወዳጆችዎ ጋር የሚያዋጣዎ ቀን ላይ ወይም ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለው ጊዜ ነው። ምሽቱን የግድ ከፈለጉት ለዚያ የሚሆነው የ80 ሜትር ባንድ ነው፤ የእርሱ ዳይፖል ግን 37 ሜትር ስለሚረዝም በዛፎችዎ መካከል ቀጥ ብሎ አይዘረጋም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ከእርስዎ አካባቢ አዲስ አበባ በአጭሩ የምድር ቅስት 11,500 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል፤ አቅጣጫውም ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ የለመደ ዓይን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሊያስብ ይችላል፤ ሉል ላይ ክር ቢዘረጉ ግን ልዩነቱን ያዩታል። ዳይፖል አብልጦ የሚሰማውም የሚያሰማውም ከሽቦው ጎንና ጎን ነው። ሽቦዎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚዘረጋ ጎኖቹ ምሥራቅና ምዕራብ ይሆናሉ፤ አዲስ አበባም ከምሥራቁ 24 ዲግሪ ብቻ ፈቀቅ ትላለች። ይህ ልዩነት የሚያሳጣዎ አንድ ዴሲቤል ያህል ነው፤ ጆሮ የማይለየው ስለሆነ ዛፍ ፍለጋ አይድከሙ። ዛፎቹ በምሥራቅና በምዕራብ ቢሆኑ ኖሮ አዲስ አበባ ወደ ሽቦው ጫፍ ስለምትቀርብ፣ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ሻጩ ያቀረበልዎ ኤንድ ፌድ መጥፎ አንቴና አይደለም። ሃያ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ በአንድ ጫፉ በ49 ለ1 ትራንስፎርመር በኩል ከሬዲዮው ከሚመጣው ኮአክሲያል ገመድ ጋር ተገናኝቶ በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንዶች ይሠራል፤ መካከሉን የሚይዝ ምሰሶ የሌለው ወይም ሬዲዮው ከአንደኛው ዛፍ ሥር የሆነ ሰው ቢመርጠው አልፈርድበትም። ሻጮች የማይናገሩት ግን፣ ያው ሽቦ በ20 ሜትር ባንድ ሙሉ ሞገድ ስለሚሆን ጨረሩ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ኃይሉ የሚበረታው ከሽቦው 54 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ትክክለኛው ጎኑ፣ ማለትም ዳይፖል የሚበረታበት፣ ለእርሱ ድክመቱ ይሆናል። በእርስዎ ግቢ አዲስ አበባ ከሽቦው 66 ዲግሪ ላይ ስለምትውል በአጋጣሚ አይጎዳዎትም፤ «ሽቦውን ለምትፈልገው አገር ጎኑን ስጠው» የሚለውን የዳይፖል ምክር ይዞ ኤንድ ፌድ የሚሰቅል ሰው ግን ያንኑ አገር ያጣል። ከዚህ ሌላ የኤንድ ፌድ መመለሻ ጅረት በኮአክሲያል ገመዱ ሽፋን ላይ ወደ ቤት ስለሚገባ የሬዲዮ ማይክሮፎን እጅ ሲነካው ሊያቃጥል ይችላል፣ የቤቱም የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ ወደ መቀበያው ይገባል። በማገጃ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ የሚጠፋ አይደለም። በዳይፖልም መካከል ላይ የ1 ለ1 ባሉን (ጅረቱ በገመዱ ሽፋን ላይ እንዳይመለስ የሚያግድ) አይቅርብዎ፤ ኮአክሲያል ገመዱን በትልቅ የፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሞ በመጠምጠም እቤትም ይሠራል።

ጂ5አርቪን በአጭሩ ልለፈው። እንግሊዛዊው ሉዊስ ቫርኒ በ1946 ለ20 ሜትር ባንድ ያቀደው፣ 31 ሜትር የሚረዝም ሽቦ ነው፤ እርስዎ ያለዎት 24 ሜትር ነው። ከመካከሉ ቁልቁል የሚወርደው ባለሁለት ሽቦ መስመርም በመጀመሪያው ንድፍ ከ10 ሜትር ስለሚበልጥ በእርስዎ ከፍታ መሬት ሊነካ ነው።

ስለ አሠራሩ። ለሽቦው ለቤት መስመር ዝርጋታ የሚሸጠው 14 ቁጥር ባለብዙ ክር የመዳብ ሽቦ ከነላስቲኩ ይበቃል። ላስቲኩ የሚስማማበትን ድግግሞሽ በጥቂት መቶኛ ዝቅ ስለሚያደርግና የአንዱ ሽቦ ልኬት በሌላው በጥቂቱ ስለሚለወጥ፣ በመጀመሪያ 20.4 እና 10.4 ሜትር ቆርጠው ይስቀሉ፤ ረጅሙን አስቀድመው፣ አጭሩን አስከትለው ከሁለቱም ጫፍ እኩል እያሳጠሩ ያስተካክሉ። ናኖ ቪኤንኤ የተባለችው ርካሽ መለኪያ ለዚህ ሥራ ገንዘቧን ትመልሳለች። ኤስ ደብሊው አር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያመለክት ልኬት) 1 ለ1 እስኪሆን ግን አይጨነቁ፤ 2 ለ1 ሲሆን እንኳ ተመልሶ የሚመጣው ኃይል 11 በመቶ ብቻ ነው፣ ያንንም ቱነሩ ያስተካክልልዎታል። ጥሩ ኤስ ደብሊው አር ጥሩ አንቴና ማለት ቢሆን ኖሮ፣ ለሙከራ የሚያገለግለው ባለ50 ኦም የማቃጠያ ሬዚስተር ከሁሉም በበለጠ ነበር፤ 1 ለ1 ነው፣ አየር ላይ ግን ምንም አያወጣም። ከዚያ ይልቅ ገንዘብዎን በኮአክሲያል ገመዱ ላይ ያውሉ፦ 30 ሜትር ቀጭን አርጂ-58 በ30 ሜጋኸርትዝ 2.5 ዴሲቤል ገደማ ሲበላ፣ ወፍራሙ አርጂ-213 ከዚያ ግማሹን ያህል ብቻ ይወስዳል።

ዛፍ በነፋስ ስለሚወዛወዝ በአንደኛው ጫፍ መዘውር አድርገው በማሰሪያው ገመድ ጫፍ በድንጋይ የተሞላ ባልዲ ያንጠልጥሉ፤ ዛፉ ሲርቅ ባልዲው ይነሳል፣ ሽቦው ግን አይበጠስም። ከምንም በፊት ግን ሽቦው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር የማይነካ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሊነካ የሚችል ከሆነ ቦታውን ይተዉት። ኮአክሲያል ገመዱ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ ይግጠሙ፤ የምድር ዘንግ ካስገቡም ከቤቱ የኤሌክትሪክ ምድር ዘንግ ጋር ቢያንስ በ6 ቁጥር መዳብ ያገናኙት፤ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ኢቲ3ኤኤን ለማግኘት በ20 ሜትር ባንድ ከቀትር በኋላ ያዳምጡ። በበጋ ሰዓት በእርስዎ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ ክረምት ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። የክበብ ጣቢያ ስለሆነ አየር ላይ የሚወጣው ሰው ሲኖርበት ብቻ ነው፤ ሲወጣም የሚጠራው ሕዝብ ብዙ ነውና፣ መጀመሪያ ኦፕሬተሩ የት ድግግሞሽ ላይ እንደሚያዳምጥ ሳያጣሩ አይጥሩ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የመንደሩ ማኅበር ከውጭ ምንም አንቴና በማይፈቅድበት ታውን ሃውስ ውስጥ እኖራለሁ። ፈቃዴ የቴክኒሺያን ደረጃ ነው። ሕጉ መብት አይሰጠኝም ወይ? ካልሆነስ ምን ላድርግ?

ከአሌክሳንድሪያ አንባቢ

መልስ፦ ሕጉ እርስዎ የሚፈልጉትን ያህል አይረዳዎትም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 ያወጣው ፒአርቢ-1 የአካባቢ መስተዳድሮች ለአማተር አንቴና ተገቢ ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል እንጂ፣ ሲገቡ የፈረሙትን የማኅበር ውል አይሽርም፤ የቴሌቪዥን ዲሽ ለሚያስገቡ ሰዎች የቆመው ደንብም አማተር አንቴናን አይጨምርም። ስለዚህ ጣሪያዎ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ይመልከቱ። ፈቃድዎ በ10 ሜትር ባንድ ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርትዝ በድምፅ ይፈቅድልዎታል፤ የዚያ ባንድ ዳይፖል 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ በብዙ ቤት ጣሪያ ሥር ይገባል። ከጣሪያው ሥር የተለጠፈው የሙቀት መከላከያ ባለአሉሚኒየም ከሆነ ግን ሞገዱን ያግደዋልና አይልፉ። ሽቦውን ከመብራት መስመሮችና ከብረት ቱቦዎች አርቀው፣ ከመኝታ ክፍሎች በላይ እንዳይሆንም ተጠንቅቀው፣ በዝቅተኛ ኃይል ይጀምሩ። ይህ ባንድ ከፀሐይ የ11 ዓመት ዑደት ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፤ ሲከፈት በ10 ዋት ውቅያኖስ ይሻገራል፣ ሲዘጋ ደግሞ 100 ዋትም ከጎረቤት ከተማ አያልፍም።