ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ብዛወር ምህንድስናዬ ይቀር ይሆን?

ጥያቄ፦ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። በአንድ ፋብሪካ የምርት ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ምኞቴም አንድ ቀን ፋብሪካ መምራት ነው። በቅርቡ አለቆቼ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ እንድሆን ጠይቀውኛል። ባልደረቦቼ «ከማሽን የራቀ መሐንዲስ ተመልሶ አይመጣም» ይሉኛል። የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሜሪ ባራ በዚሁ መንገድ ማለፋቸውን ሰምቻለሁ። የእሳቸው ጉዞ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ይሁንና ዝውውሩ መቼ እንደመጣና ባራ ከዚያ ወዴት እንደሄዱ ሳይታይ አርአያ ሊያደርጉት አይገባም። ባራ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ ፖንቲያክ የተባሉትን መኪኖች በሚሠራው የኩባንያው ክፍል እየተማሩ መሥራት ሲጀምሩ ሥራቸው ፓራፋንጎና ኮፈን መመርመር ነበር፤ አባታቸውም በዚያው በፖንቲያክ ዳይ (የብረት መቅረጫ) ሠሪ ሆነው ለ39 ዓመታት አገልግለዋል። በ1985 በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመረቁ፤ በኩባንያው ወጪ ስታንፎርድ ተምረው በ1990 የንግድ አስተዳደር ማስተርሳቸውን አገኙ፤ በኋላም በዲትሮይት የሚገኘውን የሃምትራምክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ መሩ። የሰው ኃይል ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት በ2009 ነው፤ ያን ጊዜ ከኩባንያው ጋር ከተዋወቁ 29 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በዚያ ወንበር የሠሩት አንድ ነገር እስካሁን ይነገራል። አሥር ገጽ የነበረውን የአለባበስ ደንብ «በአግባቡ ልበሱ» በሚሉ ሁለት ቃላት ተኩት። አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ደንቡ አልበቃኝም ብሎ ሲጽፍላቸው ደወሉለት፤ ችግሩ አንዳንድ ሠራተኞቹ በድንገት ከመንግሥት ባለሥልጣናት ጋር መገናኘታቸው ነበር፤ ኃላፊውም ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ደህና ሱሪ በሥራ ቦታ እንዲያስቀምጡ ተስማምቶ መለሰላቸው። ባራ ከዚህ የተረዱት፣ ስለ ልብስ ራሱ መወሰን ያልለመደ ኃላፊ በከባዱ ጉዳይም መመሪያ እንደሚጠብቅ ነው። ይህን የመሰለውን ነገር ከምርት መስመር ላይ ሆኖ ማየት ያስቸግራል።

በ2011 የዓለም አቀፍ የምርት ልማት ኃላፊ ሆነው ወደ ምህንድስናው ተመለሱ፤ በጥር 2014 ደግሞ ትልቅ ዓለም አቀፍ የመኪና አምራች የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ የማስነሻ ቁልፉ ጉዳይ ፈነዳ። በሼቭሮሌት ኮባልትና በመሰል መኪኖች ላይ ቁልፉን ይዞ የሚያቆየው ኃይል ደካማ ስለነበር፣ የመንገድ ንዝረት ወይም ከባድ የቁልፍ ማያያዣ ቁልፉን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ግጭት ቢደርስም ኤርባጉ አይከፈትም። በ2006 ክፍሉ ተሻሽሎ ሳለ የመለያ ቁጥሩ ባለመለወጡ፣ አዲሱንና አሮጌውን ያነጻጸሩ መርማሪዎች ለዓመታት ግራ ተጋቡ። ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያው ለተጎጂዎች ያቋቋመው የካሣ ፈንድም የ124 ሰዎችን ሞት ከጉድለቱ ጋር የተያያዘ አድርጎ ተቀበለ። ይህ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚያስደነግጥ ነው፤ ክፍሉ ትንሽ፣ ስህተቱም በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነበርና።

ኩባንያው ጉዳዩን ሲያስመረምር ባራ ራሳቸው ለመርማሪዎቹ የገለጹት የኩባንያው ልማድ ግን ከብረት ጋር አይገናኝም፦ በስብሰባ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል፣ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ማንም ሊፈጽመው አያስብም። በምርመራው ማግሥት 15 ሠራተኞች ተሰናበቱ። በእኔ እምነት እንዲህ ያለውን በሽታ ለይቶ ለማየት ብረቱንም ሰውንም ማወቅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዝውውሩን በደፈናው እንቢ አይበሉ።

ልዩነታችሁ ግን ግልጽ ነው። ባራ ፋብሪካ መርተው ነው የሄዱት፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላም ወደ ምርት ልማት ተመልሰዋል። እርስዎ ገና ፋብሪካ አልመሩም። ከመፈረምዎ በፊት አለቆችዎን የሚቆዩበት ጊዜ ስንት እንደሆነ፣ ሲጨርሱም በምርት ክፍል የትኛው ቦታ እንደሚጠብቅዎት ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ይህን ለመጻፍ ካመነቱ፣ የባልደረቦችዎ ፍርሃት ምክንያት አለው ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ አንድ የምርት መስመር ወይም ፈረቃ እንዲመሩ ይጠይቁ።